በስኳር የተጠባ ጡት

ሊይዙኝ የመጡት አንድ ፒካፕ ሙሉ ሆነው ነው። እኔ ዶሮ ክንፏን ስታራግፍብኝ አጥር የምዘል ሴት ነኝ፤ ይህን ነቀምቴ በሙሉ ያውቃል። እነሱ ግን የጥይት ቀበቶ ደረታቸው ላይ አጣምረው የትምህርት ቤቱን ግቢ በአራቱም ማዕዘን ከበቡት፤ አንዱማ የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጣሪያ ላይ የወጣውን አስተምሬዋለሁ። ያኔም ከፍ ያለ ቦታ ይወድ ነበር፤ ከፍ ማለት እንቢ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው።

«መምህርት፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አለኝ አለቃቸው።

የመንግሥትን አምስት ደቂቃ የማያውቅ የለም። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ላም ወልዳ ጥጃው ለእርሻ ይደርሳል። ጠመኔዬን ለክፍል አለቃዋ ሰጠሁና ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳቸው።

ወንጀሌ ተረት መጻፌ ነው። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ሰፍረው የመጡ ናቸው፤ እኔ እዚሁ አድጌ አማርኛ አስተምራለሁ፣ በኦሮምኛ እገበያያለሁ፣ ስናደድ ሁለቱንም እደባልቃለሁ። ለሴት ተማሪዎች ክበብ ብዬ የጻፍኩትን ተረት አንዲት ልጅ በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አነበበችው።

ተረቱ ስለ አንዲት ከተማ ነው። እዚያች ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ ወንድ ይመደብላታል፤ አባት ወይም ወንድም፣ አጎት ወይም ባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰውዬው ጥላ ውጭ መርገጥ ክልክል ነው። ጠዋት ጥላው ይረዝማልና እንደ ልቧ ባይሆንም ትንቀሳቀሳለች። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው እያጠረ፣ እሷም ወደ ጫማው እየተጠጋች ትሄዳለች። ቀትር ላይ ግን ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ያን ጊዜ ልጃገረዶቹ የሚቆሙበት ስለሌላቸው ነጻ ይሆናሉ፤ ምንጭ ወርደው ይራጫሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጮክ ብለው ይጣላሉ። ወንዶቹ ይህን አይተው ተሰበሰቡና ቀትርን አገዱ። የከተማዋ ሰዓት ከአምስት ተኩል ተነሥቶ ሰባት ላይ እንዲያርፍ ተወሰነ።

በሚኒ ሚዲያው የተነበበው እስከዚህ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ ደወል ተደወለ፣ ወደ ክፍል ገባን። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ ለአገር አሳቢው፣ በስልኩ ቀድቶ ለሚመለከተው አካል ላከው።

የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሚኮራ ይመስለኛል። የሴቶቹ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር አሉ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከወገብ በላይ እርጥበት የራሱን ካርታ ስሏል። የጥሬ ቡና ሽታ ከሽንት ሽታ ጋር ተጋብቶ ልጅ ወልዷል። የዳቦ ያህል መስኮት፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ሰሌን። ሰሌኑ ላይ አንዲት አሮጊት እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን ታያለች።

«አካም ኦልቴ?» አሉኝ አሮጊቷ፤ እንደምን ዋልሽ ነው። «እጅሽ ላይ ጠመኔ አለ። መምህርት ነሽ?»

«ነኝ።»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ተረት ተናግሬ።»

«እኔ ደግሞ አንጮቴ ሸጬ» አሉ። «ነይ ተቀመጪ። ሰሌኑ ይበቃናል።»

በጉቴ መንገድ ዳር አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅለው የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የራባቸው ወንዶች መጥተው በሉ። እነሱ ሲሄዱ ሌሎች መጡና፣ የበሉት ከጫካ የወጡ ናቸው ብለው አዮን ያዟቸው። አዮ የምንላቸው በአገሩ ወግ ነው፤ እናቴ፣ አያቴ እንደማለት። «ሰው ሲርበው ከየት መጣህ አይባልም» ይላሉ። ይህንኑ ለመርማሪው ነገሩት፤ እሱም ቃላቸውን ተቀብሎ ጥፋታቸውን አመኑ አለ።

በማግሥቱ እኔም ፊቱ ቀረብኩ። ቀጭን፣ ወጣት፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የቆለፈ ሰው ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ተረቱን ከፈተውና፣ የጦርነት ዜና እንደሚሰማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ይህች ከተማ የት ናት?»

«የለችም።»

«ምሥራቅ ወለጋ ናት፣ ምዕራብ ወለጋ?»

«ልብ ወለድ ናት ጌታው። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ከተማ የምትፈጥሪው?»

ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ቦይ ለመቆፈር የሰው ዕድሜ ሲፈጅበት፣ እኔ በአንድ ቅዳሜ ከተማ ከነሰዓቷ መትከሌ ሲታሰብ እውነትም ያሳስራል።

«ቀትር ያልሽው ሰዓት እላፊውን ነው?»

«ሰዓት እላፊ የማታ ነው።»

«እኮ፣ ለዚህ ነው በቀትር የደበቅሽው።» ራሱን ነቀነቀ፤ በራሱ ተደነቀ። «ልጃገረዶቹ ሲሮጡ ወዴት ነው የሚሮጡት? ጫካ?»

«ምንጭ። ውኃ ሊራጩ።»

«የምንጩን ስም ንገሪኝ።»

ሲደክመው ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ መፍትሔ አቀረበ። ተረቱን እንድጨርሰው። ልጃገረዶቹ ጥፋታቸውን አውቀው በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ጥላው ይመለሳሉ፤ ይህ በሚኒ ሚዲያው ይነበባል፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ።

«ላስብበት» አልኩት። በሕይወቴ ድርሰት ጻፊልኝ ያለኝ ብቸኛው ሰው እሱ ነው፤ ቆርጬ እንቢ ማለት ከበደኝ። በኋላ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩለትም።

ክፍሉ ውስጥ ቀኑ አይገፋም። ተረቱን ለአዮ በኦሮምኛ አወራኋቸው፤ እሳቸው እስኪያነባቸው ሳቁ። ጥጓ ላይ ያለችው ልጅ ግን አልሳቀችም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

«ሞኞች ናቸው» አለች።

«እነማን?»

«ልጃገረዶቹ። ቀትር እስኪመጣ ምን ያስጠብቃቸዋል? ሰውዬው ሲተኛም እኮ የሚከተላቸው ጥላ የለውም።»

ወላሂ፣ ይህን የመሰለ አስተያየት ከመምህራን ስብሰባ አግኝቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ የራሷን አወራችን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ልጅ። አባትና እናቷ ሞተው ያደገችው በአባቷ ወንድም ቤት ነው፤ ዋሲላ ትለዋለች፣ በነሱ ቋንቋ የአባት ወንድም ነው። ዋሲላዋ ፒካፕ ላለው ለአንድ የወረዳ ሹም ሊሰጣት ቃል ገባ። ሹሙ ከዚህ ቀደም ሚስት ነበረችው፤ ምን እንዳደረጋት የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ልጅቱ የሰማች ቀን ቦርሳዋን ይዛ በጉቴ መንገድ በእግሯ ወጣች። አጎት ሆዬ አልተከተላትም፤ ምን አደከመው። ለኬላው ስልክ መታና «የእህቴ ልጅ... የወንድሜ ልጅ ወደ ጫካ ልትገባ ነው፣ ያዙልኝ» አለ። የዝምድናውን ስም እንኳ በትክክል አልያዘውም። ያዙለት። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን እስኪጨርሱ ድረስ እዚህ አስቀመጧት። እህል በጎተራ፣ ልጅ በጣቢያ።

እዚያው ሳለች የወር አበባዋ መጣ። በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ሞዴስ እንዲገዛልን ነገርኩት። ይህ ሰውዬ መሣሪያ ተሸክሞ ዓይኑን ሳይሰብር ሰው የሚያይ ነው። ሞዴስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን እንደ ተተኮሰበት ግንባሩን ደፍቶ ከአጥሩ ወዲያ ጠፋ፤ እስከ ማታም አልተመለሰ። ያመጣችልን አንዲት ሴት ሳጅን ናት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ በበሩ ሥር አሾለከችው።

አጎቷ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ምግብ ይዞላት መጥቷል፤ ዕቃ አስቀማጭ ዕቃው እንዳይበላሽበት ያያል አይደል። በብረቱ በር ቀዳዳ ቆሞ አነጋገራት።

«ነገ ረፋድ ሽማግሌዎቹ እዚሁ ይመጣሉ። ሰውዬሽ ዋስ ሆኖ ይወስድሻል።»

«ሰውዬ የለኝም ዋሲላ።»

«ይኖርሻል።»

«ትምህርቴስ?»

«ትምህርት ቤቱ በሬ ነው ተነድቶ የሚሄደው? ከወለድሽ በኋላም እዚያው ይቆይሻል።»

እኔ ዝም ማለት የማልችለው ተነሣሁ። «አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሕጉ አይፈቅድም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሕግ የምትያት፣ አንቺን እዚህ ያስገባችሽ ናት?»

እንዲህ ያለ መልስ ከእንዲህ ያለ አፍ ሲወጣ ያናድዳል። ምግቡን በቀዳዳው አቀብሎ ሄደ። ልጅቱ ምግቡን ለእኛ ገፋችልንና ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ነገ ከዚህ በር ከወጣች ፒካፑ ላይ ነው የምትወጣው። ከዚያ በኋላ ማንም አያገኛትም።

አዮ የዘረጉትን እግር ሰበሰቡና «የማን ልጅ ነው ሰውዬው?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። «አባቱስ የማን ልጅ ነው? ጎሳውስ?» የምታውቀውን ያህል ቆጠረችላቸው።

«የሟቹ ባሌ ጎሳ ነው» አሉ አዮ። «አያቶቻቸው አንድ ቤት ነው ያደጉት። ልጁን ሲወለድ እንኳ አይቼዋለሁ። ያኔም ሆዳም ነበር።»

እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እዚህ አገር ያንድ ጎሳ ሰው ወንድምና እህት ነው። ሰው ይሰርቃል፣ ይገድላል፣ በአዳራሽ ቆሞ ይዋሻል፤ የጎሳውን ልጅ ግን አያገባም። ሌላም ወግ አለ፤ በእኛ በወሎዎቹም በእነሱም ያለ ነው። ያልወለዱትን በጡት ልጅ ማድረግ። ማር ቀብቶ ያጠባ ወለደ ማለት ነው።

«አዮ፣ ልጅ አለዎት?»

«ዋቃ አልሰጠኝም።»

«ይህችን ቢያጠቧት የማን ልጅ ትሆናለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የባሌ። ሞቶም ቢሆን የባሌ።»

«ሰውዬውስ ምኗ ይሆናል?»

«ወንድሟ» አሉ ቀስ ብለው።

ሳቅ አፍኜ አፍኜ አመለጠኝ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እስከ ነጆ ሳይሰማ አልቀረም። ዘበኛው በሩን በሰደፍ መታው። አዮ ግን አልሳቁም።

«ለአንቺ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነው። ይሄ ጨዋታ አይደለም። ካጠባኋት ልጄ ናት። ሰውዬውን ላባርርባት ብዬ አጥብቼ፣ ሲሄድ አላውቅሽም አልላትም።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «እኔ አንጮቴ ሻጭ ነኝ። ቤቴ ጭቃ ነው፤ ሲዘንብ ከአልጋዬ ራስጌ ያፈሳል። ቁጡ ነኝ ይሉኛል፣ እውነት ነው። ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቱ ቶሎ አልመለሰችም። እሷ ስታስብ እኛ ጠበቅናት። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ጠይቋት መልስ የጠበቀ አይመስለኝም፤ አስተሳሰቧ ላይ ያስታውቃል፣ እንደ አዲስ ጫማ ነበር የምትሞክረው።

«ትምህርት ቤት ይልኩኛል?»

«አንጮቴ እየላጥሽ ከሆነ።»

«እላጣለሁ» አለች።

ማር ከየት ይምጣ። ቅቤም የለም። ያለው ጠዋት ከጣቢያው በር ከምትሸጠው ሴት የመጣልን ሻይ ነው፤ ሳይማሰል የተጠጣ፣ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር የቀረ። ምስክር ደግሞ ከሁለቱም ቤት ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት። እኔ የነገሩ ጠንሳሽ ነኝ፣ የእኔ ምስክርነት ጠጅ ጥሎ ራሱ እንደሚቀምስ ሰው ነው። ሳጅኗን በበሩ ቀዳዳ ጠራኋት።

«ምን አጠፋችሁ ደግሞ?»

«ምስክር እንፈልጋለን።»

«ምስክር ፍርድ ቤት ነው።»

«ለመውለድ ነው» አልኳት።

ገባች። አዮ ነገሯት። ሳጅኗ ልጅቱን አየች፣ በሩን አየች፣ ቆቧን አወለቀች።

«ወንዶች የጡት አባት ሲሆኑ አውራ ጣታቸውን ነው የሚያስጠቡት» አሉ አዮ፣ ቀሚሳቸውን እየፈቱ። «ምን ያድርጉ፣ ሌላ የላቸውም።» በጣታቸው ከብርጭቆው ሥር ስኳሩን ዛቁና ቀቡ። ልጅቱ ተንበረከከች። መጀመሪያ አፈረች፣ ወደ እኔ ዞር አለች፤ እኔ መስኮቱን ሳይ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጠባች። አዮ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በኦሮምኛ መረቁ። ምርቃቱ ረዥም አልነበረም። እደጊ፣ ሰፊ ሁኚ፣ ከእኔ በኋላ ቅሪ ነው ያሉት።

ነገ የተባለው ነገ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በግቢው ዛፍ ሥር ተደረደሩ። የጣቢያው አዛዥ ወንበር አወጣላቸው። ፒካፑም መጣ። የወረዳው ሹም ሲወርድ ሆዱ ቀድሞ መሬት ረገጠ፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለው። ልጅቱን አወጧት። እኔ ጀሪካኑን ገልብጬ ላዩ ላይ ቆምኩና አገጬን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ የተሻለ ቦታ ቲያትር ቤትም አይገኝም።

ትልቁ ሽማግሌ መርቀው ጀመሩ። ልጅቱ ጥፋት አጥፍታለች፣ አጎቷ ግን አባት ነውና ይቅር ብሏታል፣ ሹሙም ትልቅ ሰው ነውና ቂም አልያዘም አሉ። ሁሉም ይቅር ሲላት ጊዜ የበደለችው አገር ሙሉ ሰው ያለ መሰለ።

«አባቶቼ፣ እናቴን ሳትጠይቁ?» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ ሞታለች ልጄ።»

«ትናንት ሌላ አግኝቻለሁ።»

ሳጅኗ ማንም ሳያዛት የእኛን በር ከፈተችና አዮን ይዛ ወጣች። አዮ በግቢው መካከል ቆመው ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አሏቸው። ግማሾቹ ደንበኞቻቸው ናቸው። ከዚያ አጠባኋት አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በምን አጠባሻት?» አሉ። «ማር ነበር?»

«ስኳር ነው።»

«ስኳር ማር አይደለም» አሉ ሁለተኛው።

«ጣፋጭ ነው አይደል?» አሉ ሦስተኛው። «የእኔ አያት የጠቡት በወተት ነው፣ ልጅነታቸውን ማን ካደ?»

«ወተት ከላም ነው። ስኳር ግን ከፋብሪካ ነው የሚመጣው።»

«ፋብሪካውስ ከሸንኮራ አይደለም? ሸንኮራ ማን ያበቀለው ነው?»

እነዚህ ሰዎች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ያልወሰዱት ሥልጠና የለም። በየአዳራሹ ለስላሳ ጠጥተዋል፣ ባነር ሥር ፎቶ ተነሥተዋል፣ አጨብጭበዋል፤ ጥያቄ ያለው ሲባል እጁን ያወጣ ግን አልነበረም። ስለ ስኳሩ ግን እንደ ሊቃውንት ተከራከሩ። ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመት መሆኗን ያነሣ አንድም ሰው የለም። ልጅቱ አልፈልግም ማለቷንም ያነሣ የለም። የሚያሳስባቸው ሸንኮራው ነው።

«ማን አየ?» አለ አጎትየው።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ሳጅኗ።

«አንቺ ዝም በይ» አላት አዛዡ።

«ምስክር ነኝ ጌታዬ። ምስክር ዝም አይልም።»

ሹሙ የፀሐይ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «ይህ ድራማ ነው። ያቺ ውስጥ ያለችው መምህርት ናት የደረሰችው።» በዚያን ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነበር።

«ልጅቱ የወንድሜ ናት፣ የጎሳዬ ናት» አለ አጎትየው። «ማን ይወስድብኛል?»

«አባቷን አልወሰድኩም» አሉ አዮ። «እናት ነው የጨመርኩላት። ከእንግዲህ የሚፈልጋት ሁሉ እኔንም ይጠይቃል።»

«እስር ቤት ውስጥ የተደረገ አይቆጠርም።» አጎትየው አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ነው የሚያወራው። «አይቆጠርም አይደለም አባቶቼ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ የሚያመልጡበት በር ተከፍቶላቸው ነበር። አንዱ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። በእግር ጣቶቼ ስንጠራራ ጀሪካኑ ከሥሬ ተንቋቋ።

አዮ ቀሚሳቸውን ከደረታቸው ፈቱ። በግቢው መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በታጠቀ ሰው ፊት። የደረቀና የረዘመ ጡታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዙት።

«አይቆጠርም የሚለው ይምጣ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይችን እያየ አይቆጠርም ይበለኝ።»

የመጣ የለም። የሽማግሌዎቹ አንገት እንደ ዝናብ የመታው ማሽላ ባንድ ጊዜ ደፋ አለ። ዘበኛው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሹሙ በፒካፑ የጎን መስታወት ውስጥ የሚያየው ነገር አገኘ። ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ሳፉ» አሉ። ሳፉ በእነሱ ዘንድ የማይደፈር ነውር ነው፤ ሲነገር ክርክር ያበቃል።

«ሸፍኚው እናቴ» አሉ።

«ሸፍኜው ነበር። እናንተ ናችሁ ያስገለጣችሁኝ።»

ሽማግሌው ወደ ሹሙ ዞሩ። «እህትህ ናት። ሰላም በላት።»

«እኔ...»

«ሰላም በላት ብዬሃለሁ።»

ሰላም አላት፤ ለእሷ ሳይሆን ለጫማው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ። ለሰርጉ ዕለት የታጠበችው ፒካፕ ባዶዋን ወጣች።

አዛዡ በገዛ ግቢው የተሸነፈ ሰው መልክ ነበረው። ሹሙን ሊያስደስት ነበር ያሰበው፤ አሁን ከልጅቱ መገላገል ብቻ ነው የፈለገው። «ልጅቱ ተለቃለች» አለ። «አጎቷ ይውሰዳት።»

«እናቴ መቼ ነው የምትለቀቀው?» አለች ልጅቱ።

«እሱ አንቺን አይመለከትም።»

እሷ ክርክር አልጨመረችም። የአዮን ቀሚስ አያያዘችላቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ ግቢውን አቋረጠች፣ ወደ መጋዘኑ ገቡ። ከዚያ ዞር ብላ የብረቱን በር በገዛ እጇ ስባ ዘጋችው። አዛዡ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቀረ። የተለቀቀ ሰው ላይ ቁልፍ ይደረጋል ወይስ አይደረግም የሚል ሥልጠና አልወሰደም። በመጨረሻ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ፤ ያን ቀን በራችን ሳይቆለፍ ዋለ።

ከጀሪካኑ ላይ ወረድኩ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ልጅቱ ግን ጀሪካኑን ገልብጣ እያየች «መምህርት፣ ሰነጠቅሽው እኮ» አለችኝ።

አዮና ልጅቱ ከእኔ ቀድመው ተለቀቁ። እኔን ደግሞ አንድ ቀን ሂጂ አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ በቅጡ እንዳልተነገረኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት አንጮቴ እየላጠች ተማረች። ጣቶቿ በጭማቂው ጠቁረው ክፍል ስትገባ ልጆቹ ይስቁባት ነበር፤ እሷም የሚስቁባትን በፈተና ትቀድማቸዋለች። አሁን ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቀች ነው።

አዮ ባለፈው ክረምት ሞቱ። በራስጌያቸው የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኖ ነበር። ለቀብራቸው የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፤ የጎሳው ሰው ከየገጠሩ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲገቡ የባላቸውን ወንድሞች አልፈው በቀጥታ ወደ ልጅቱ ሄዱ። እሷን ሳያጽናኑ አልተቀመጡም። እኔ እነዚያን ሰዎች ዛሬም አልወዳቸውም፤ አንዲት ልጅ ሰው መሆኗን ለመቀበል ስኳር ያስፈለጋቸው ሰዎች ናቸው። ግን ያን ቀን ሻይ ያቀረቡልኝ እነሱ ነበሩና ጠጣሁላቸው።

ሹሙም መጣ። ሹመቱ ተወስዶበት፣ ፒካፑም ሄዶ፣ በባጃጅ ነው የመጣው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ የጎሳው እናት ናቸውና ግዴታው ነው። ከቀብር መልስ እሷ ፊት ቆሞ እጆቹን አጣምሮ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት።

«አሜን» አለች። በድንኳኑ ውስጥ ባዶ ወንበር ብዙ ነበር። ከበሩ አጠገብ ያለውን በእጇ አሳየችው፤ እሱም ሄዶ ተቀመጠ።